ስኳር ለብቻ፦ የውፍረቱ ኃላፊ ማነው?

መርካቶ በኩል ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ጅማ ነው፤ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ እሱው ነው የሚያውቀው። አጠገቤ አንድ ልጅ ሚዛኑን ፊቱ አስቀምጦ ቁጭ ብሏል። «ጋሼ፣ ኪሎዎን ይለኩ» አለኝ። ዝም ብዬ ከምቆም ብዬ ወጣሁበት። መርፌዋ ወዲያ ወዲህ ብላ 84 ላይ ቆመች። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ፈገግ አለ። «ተመችቶዎታል ጋሼ!»

እየመረቀኝ ነው። «አሜን» ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ኪሎውን ለቁመት ታካፍላለህ፣ የተገኘውን እንደገና ለቁመት ታካፍላለህ። የእኔ 29 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ጀምሮ ያለውን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ያለውን ውፍረት ይለዋል። ሦስት ኪሎ ብጨምር ሁለተኛው መደብ ውስጥ ነኝ። ስሌቱ እንከን አለበት፤ ጡንቻና ስብን አይለይም። የእኔ ግን ጡንቻ አይደለም። ቀበቶዬ ምስክር ነው።

በማግስቱ ይህንኑ ምሳ ላይ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አወራሁ። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ሰው አፉን መያዝ ካቃተው ማን ይያዝለት?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ዘይቱን ማን አመጣው? ስኳሩን ማን አደለው? መንግሥት አይደለም እንዴ!» ብላ ተነሳችበት። በመጨረሻ አንጋፋው የሒሳብ ሠራተኛችን እንደ ልማዳቸው አስታረቁን። «ልጆች፣ ይሄ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅንና ጥብሳችንን ጨረስን።

ያቺ አባባል ግን አልተመቸችኝም። በጋራ ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የሁሉም የሆነውን ደጅ የሚጠርገው የለም። ስለዚህ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለውን ልተወውና ሌላ ልጠይቅ። ማንኪያው የማን እጅ ላይ ነው?

መጀመሪያ የነገሩን ልክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ውፍረት ነበረበት። ከ1990 ወዲህ በአዋቂዎች ዘንድ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ በልጆችና በጎረምሶች ዘንድ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኗል። የእኛ አገር ቁጥር ገና ትንሽ ነው። የሚያስፈራው አካሄዱ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሴቶች ከመቶ 3 ነበሩ። በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። ከተማውን ከገጠሩ ለይቶ ያየ ሰው ደግሞ ሁለት አገር ያያል። በገጠር ከመቶ 4፣ በከተማ ከመቶ 21። ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው።

በዚያው በ2016 ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ ቀንጭረው ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ስለ ቦርጭ ስታወራ «ሰው የሚበላው አጥቶ አንተ ስለ ጠገበ ሰው ታወራለህ?» የሚልህ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቆጠቁጣል። ግን ሁለቱ ችግሮች የተለያየ መንደር የሚኖሩ አይደሉም። አንድ ቤት ውስጥ እናት ወፍራ ልጅ ሊቀነጭር ይችላል። አንድ ሰውም በልጅነቱ ተርቦ በጉልምስናው ሊወፍር ይችላል። በማሕፀን ሳለ የተጎዳ ልጅ ኋላ ላይ በፍጥነት ሲወፍር ለስኳርና ለደም ግፊት የበለጠ ይጋለጣል።

ይህን ለማጥናት ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተወለዱ ሕፃናት ከ600 በላይ የሚሆኑት ለጥናት ተመዝግበዋል። ጥናቱ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራ ነው። ሕፃኑን መስኮት ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያስተኙታል። መሣሪያው በአየር መጠን ለክቶ ከክብደቱ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ሌላ አካል እንደሆነ ያወጣል። ልጆቹን እያደጉም ተከታትለዋቸዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ኪሎ ብቻውን ብዙ አይናገርም። እኛ ግን ሕፃን አቅፈን የምናወራው ስለ ኪሎ ነው። «ፋፋ!» እንላለን። ለሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ዱቄት እንኳ ስሙ «ፋፋ» ነበር። ረሀብ ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢመርቅ አይፈረድበትም።

ቃላችን ራሱ የወፍራም ወገን ነው። ጥሩ ደሞዝ «ወፍራም ደሞዝ» ነው። የሞላለት ሰው «ጮማ ይቆርጣል»። የወፈረ ሰው «ተመችቶታል»። የከሳ ሰው ደግሞ ምርመራ ይጀመርበታል፤ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ባመሰበት ዘመን መክሳት ማለት ሐሜት ማለት ነበር። ያን ጊዜ ያለፈበት ሰው ኪሎ መቀነስ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃል። ስለዚህ «ቀንስ» የሚል ምክር ብቻውን የሚያሸንፈው ነገር አይደለም። የሠርግ ቤቱን፣ የልቅሶ ቤቱን፣ የእናትን ዓይን ሁሉ መጋፈጥ አለበት።

አሁን ወደ ማንኪያው።

የመጀመሪያው ማንኪያ የዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የሚያቃጥለው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ወጣችን ደግሞ ዘይቱ ካልተንሳፈፈ በሰለ አይባልም። እንግዳ ሲመጣ አንድ ጭልፋ ይጨመራል። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኛ የወጥ ቤት ነው ልንል እንችላለን። ግን ዘይቱ ከየት መጣ? ለዓመታት በሸማቾች ማኅበር በኩል በድጎማ ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ነው። ሰዉ «የሚረጋው ዘይት» ይለዋል። ጠዋት ጄሪካኑን ስትከፍተው እንደ ቅቤ ቆሞ ታገኘዋለህ። ከስቡ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ነው። በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰልፍ የምትወስደው ሌላው ሸቀጥ ስኳር ነበር። ሰልፉን እኔም ቆሜዋለሁ። ኩፖኔን ይዤ ስኳር ደረሰኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ገብቻለሁ። ባቄላና ምስር በድጎማ ለመውሰድ ግን ተሰልፌ አላውቅም።

መንግሥት ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። የኑሮ ውድነት አለ፤ ድሃው ዘይት ያስፈልገዋል። ርካሹ ደግሞ ፓልም ነው። ግን ያ ውሳኔ የጤና ውሳኔም ነበር። ማንም የጤና ውሳኔ ነው ብሎ አልተወያየበትም እንጂ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ስኳርንና ለስላሳ መጠጥን ከሚቀረጡት መደብ አስገብቷል። እንግዲህ በአንድ እጅ መቅረጥ፣ በሌላ እጅ መደጎም ማለት ነው። ለዚህ ነው ባልደረባችንን «አፉን ይያዝ» ባዩን መስማት የከበደኝ። ቀለብህ በሰልፍ ሲሰጥህ የምትመርጠው ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ማንኪያ የስኳር ነው። እዚህ ላይ ራሴን ልክሰስ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ጠዋት ሻይ ሁለት ማንኪያ። ረፋድ ማኪያቶ ሁለት። ከምሳ በኋላ ሻይ ሁለት። አሥር ሰዓት ላይ አቮካዶ ጁስ፤ እሱን ያዘጋጀው ልጅ ነው የሚያውቀው፣ ከላይ ደግሞ ቀዩን ሽሮፕ አፍስሶበታል። ማታ ቡና ላይ አንድ። ጁሱን ሳልቆጥር ሰባት የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 28 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻውን 30 ግራም ያልፋል። እኔ ለስላሳ አልጠጣም ብዬ ስመጻደቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በጅማ ደግሞ በርጫ አለ። ጫቱ ራሱ አያወፍርም፤ እንዲያውም ምግብ ያስጠላል። ግን አብሮት ምን ይቀርባል? ጣፋጭ ሻይ፣ ለስላሳ፣ ኦቾሎኒ፣ አንዳንዱም ስኳሩን እንዲሁ ይቅማል። አራት አምስት ሰዓት ከፍራሽ አለመነሳት አለ። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ሆድ ይከፈታል። ይህንን የጤና ባለሙያዎቹ ከእኔ በተሻለ ይናገሩት። እኔ ያየሁትን ነው የምለው።

ሦስተኛው ማንኪያ በጣም ያናድደኛል። የልጆች ነው።

አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የእረፍት ሰዓት ቆሜ አይቻለሁ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ከአጥሩ ወዲህ አንዲት ሴት ፓስቲ ትጠብሳለች፤ ዘይቱ ከመጥቆሩ የተነሳ የድስቱ መቀመጫ አይታይም። ከእሷ ቀጥሎ ቺፕስ በትንንሽ ላስቲክ፣ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ጁስ በፌስታል። አንዲት እናት ሙዝና ሸንኮራ ዘርግታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ገዢ የላትም። ጅማ ነው እንግዲህ፤ አቮካዶና ሙዝ ከየጓሮው የሚረግፍበት አገር። እነዚህ ሴቶች ላይ ጣቴን አልቀስርም። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው። ግን ያ በር ባለቤት አለው። ትምህርት ቤቱ አለ፣ ወረዳው አለ፣ ወላጅ ኮሚቴ አለ። ፓስቲ ለምታዞረው ሴት ቦታውን ሳይነጥቁ የምትሸጠውን መቀየር ይቻላል። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ እንቁላል። ይህን ለማድረግ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ አይጠበቅም።

ልጆቹ ታዲያ የበሉትን የት ይሩጡት? በየሰፈሩ ቪላ ተከራይተው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ግቢያቸው ሁለት መኪና ያቆማል። የስፖርት ክፍለ ጊዜው በደብተር ይጻፋል። «የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ስንት ነው?» ተብለው ይፈተናሉ፤ ሜዳውን ግን አያውቁትም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው በደስታ አልተኛም ነበር። እኛ የሰፈር ልጆች ኳስ የተጫወትንበት ሜዳ ግን ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል።

አዋቂውም እንደዚያው ነው። ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ በእግር የሚሄድ ሰው ስንት ነው? ባጃጁ ደጅህ ላይ ነው። ዝናብ ሲሆን ጭቃው አለ፣ የእግረኛው ጠርዝ ላይ ሸቀጥ ተዘርግቷል፣ ማታ ደግሞ መብራት የሌለበት ቦታ አለ። በቅርቡ በኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ዋና መንገዶች ላይ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ አይተናል። ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ሰው መራመድ ጀምሯል። ማታ ማታ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣ አለ። ሰው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን መንገድ አጥቶ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። አሁን ጥያቄው ወደ ውስጥ ሰፈሮቹ መቼ ይገባል ነው።

ለሴቶች ሌላም አለ። አንድ የሠፈሬ ልጅ ጠዋት መሮጥ ጀምራ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ተወችው። ለምን ብላት «ከሩጫው ይልቅ ለከፋው አደከመኝ» አለችኝ። ከከተማ ሴቶች ከመቶ 21 የሚለውን ቁጥር ሳይ እሷ ትታወሰኛለች። ጂም ገብታ እንዳትሠራ ወርሃዊ ክፍያው ከደሞዟ አይተርፍም።

ስለ ሐኪሞቹ ባጭሩ። አንድ ክሊኒክ ለጀርባ ሕመም ሄጄ ሐኪሙ ሳያየኝ «ክብደት ቀንስ» ብሎኛል። እንዴት? አልነገረኝም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ክኒን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት ስላየሁ አልተቀየምኩም። ግን የሰውነት ክብደት በምክር ብቻ የሚታዘዝ ቢሆን ኖሮ ወፍራም ሐኪም ባልኖረ። ውፍረት ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ እንደሆነ የመንታዎች ጥናቶች ያሳያሉ። የቀነሰ ሰው ሰውነቱ መልሶ ሊያወፍረው፣ ሊያስርበው ይታገለዋል። ይህን የነገረህ ሐኪም ካለ እሱን አትልቀቀው።

ሌላው ዓለም ኃላፊነቱን እንዴት አከፋፈለው? ጃፓን የወሰደችው መንገድ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች ወገባቸው ይለካል። ለወንድ 85፣ ለሴት 90 ሴንቲ ሜትር መስመር ተሰምሯል። መስመሩን ያለፈው ሰው ምክር ያገኛል እንጂ አይቀጣም። ምክሩ በቅጡ ካልተሰጠ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ፣ በእሱም በኩል አሠሪው ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ባለስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች። ምልክቱ ያለበት ምግብ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሸጥም፤ ማሸጊያው ላይ ልጅ የሚያማልል ካርቱን አይሳልም። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የለስላሳ ቀረጥ ሲጀምሩ አምራቾቹ ቀድመው ስኳሩን ቀነሱ። ጠጪው ላይ የተጮኸ ጩኸት የለም። ጠርሙሱ ተቀየረ።

እኛስ አንችልም? በትምባሆ ችለናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ ሕዝባዊ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ ከፓኬቱ 70 በመቶው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን አደረገ። የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ጠፋ። ያን ጊዜ «እንዴት ይሆናል!» ያልን ብዙ ነን። ሆነ። ዛሬ አንድ ማኪያቶ ቤት ገብቶ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢኖር ዓይናችን ይከተለዋል። ስለዚህ የማሸጊያው ጉዳይ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ነው። የዘይቱ ጉዳይ የንግዱና የገንዘቡ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለሚረጋው ዘይት የወጣው ድጎማ ለኑግና ለሱፍ ዘይት ፋብሪካ ቢወጣ ምን ይመስል ነበር ብሎ ማስላት ያለበት እነሱ ናቸው። ሜዳውና መንገዱ የከተማ አስተዳደሩ ነው። የትምህርት ቤቱ በር የወረዳውና የወላጁ ነው።

የእኔስ? አለኝ። ግን ድርሻዬ የመጨረሻዋ ማንኪያ ናት። ዘይቱ ተመርጦ፣ ስኳሩ ተደጉሞ፣ ሜዳው ተሽጦ፣ መንገዱ ተዘግቶ ካለቀ በኋላ እጄ ላይ የምትቀር። እሷን አልክድም። ቅደም ተከተሉን ግልብጥ አድርጎ ከእኔ የሚጀምር ሰው ግን ሥራ እያቀለለ ነው። እኔን መምከር ከሁሉም ይረክሳል። ማስታወቂያ አሳትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

የመጀመሪያውን እርምጃ ማን ይውሰድ ብትሉኝ፣ ከተማውና ትምህርት ቤቶቹ እላለሁ። የዘይትና የማሸጊያ ሕግ ዓመታት ይፈጃል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ዓመታቱን ቆሞ አይጠብቅም። ደግሞም እዚህ ጅማ ሕክምና የሚያስተምር ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ የታወቀ ነው። ለአንድ ሴሚስተር አሥር ትምህርት ቤት በር ላይ ምን እንደሚሸጥ ቢቆጥሩልን እንኳ የምንነጋገርበት ነገር ይኖረናል።

እስከዚያው የመጨረሻዋን ማንኪያዬን ልሞክራት አልኩ። ቢሮዬ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። «እህቴ፣ ስኳር ለብቻ» አልኳት።

እጇ ላይ ያለው ሲኒ ቆመ። «ውይ ጋሼ! ስኳር ያዘዎት እንዴ?»

ዱካ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። አንድ አዛውንት «አይዞህ፣ ዛሬ መድኃኒቱ ብዙ ነው» አሉኝ። አልታመምኩም፣ ለመቀነስ ብዬ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። እንዲያውም ሳስተባብል ይበልጥ አዘኑልኝ። በሁለተኛው ቀን ሳልጠይቃት ስኳሩን ለብቻ አመጣችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዴት አደሩ?» አለችኝ፣ ልክ ሆስፒታል እንደተኛ ሰው። በሳምንቱ መጨረሻ የልጁ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 83።

ሰኞ ቡናዬን ስጠብቅ ከሲኒው ጎን አንድ ቦንቦሊኖ አስቀመጠችልኝ። አላዘዝኩም አልኳት።

«በነፃ ነው ጋሼ» አለች። «ይቅመሷት። ከስተዋል።»